የጎጆ መንገድ የናጠው ደም

ይህን የምጽፈው ድሬዳዋ ላላችሁት ዘመዶቼና አብሮ አደጎቼ ነው። አብዛኞቻችሁ ከአዋሽ ማዶ ያለውን አገር ለለቅሶ ወይም ለሠርግ ካልሆነ አታዩትም። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለውንማ ጭራሽ ላታዩት ትችላላችሁ። እኔም ከዚህ ጉዞ በፊት አምቦን የማውቃት ከጠርሙስ ላይ ነበር። ስመለስ ሁላችሁም «ጉዞው እንዴት ነበር?» አላችሁኝ፤ «ጥሩ ነበር» እያልኩ አለፍኩት። እያደር ግን «ጥሩ ነበር» ማለቱ ከበደኝ። ስለዚህ ከመነሻው ጀምሮ እንዳለ ልንገራችሁ።

ሥራዬን ለማታውቁት፣ የማጠናው ፊዚክስ ነው። የሰው ደም ተቀድቶ ቀዩ ሲረጋ ከላይ የሚቀረውን ቢጫ ውሃ በትንሽ ብልቃጥ አድርጌ ሐምራዊ ብርሃን አበራበታለሁ። ፈሳሹ ብርሃኑን ይቀበልና የራሱን ፍካት መልሶ ይሰጣል። ያንን ፍካት ስፔክትሮሜትር የሚባለው መሣሪያ እንደ ቀስተ ደመና በየቀለሙ ይለየዋል፤ ኮምፒውተሩ ላይም ኮረብታና ሸለቆ ያለው መስመር ሆኖ ይወጣል። የጨጓራ ካንሰር ካለባቸው ሰዎች ደም በሚወጣው መስመር ላይ፣ በቀዩ ቀለም በኩል፣ አንዲት ትንሽ ጉብታ አይተን ነበር። ጥያቄያችን ይህች ጉብታ በታመመ ሰው ላይ ሁልጊዜ ትታያለች ወይ፣ ጤነኛው ላይስ አትታይም ወይ የሚል ነው። እንዲያ ከሆነ፣ ወደፊት ማን ቶሎ ወደ ሐኪም መላክ እንዳለበት ከጥቂት ደም ማወቅ ይቻል ይሆናል። «ወደፊት» ያልኩትን ልብ በሉልኝ። በዚያን ጊዜ መብራታችን ማንንም ሰው «ታመሃል» ለማለት አልደረሰም ነበር።

አንደኛው ቀን፤ ወደ አምቦ

የተነሳሁት በኅዳር መጀመሪያ ነው። ከመሄዴ በፊት እናቴ ጋ ደውዬ «እማዬ፣ ጎጆ ልሄድ ነው» ስላት እልልታዋን አቀለጠችው። ልጇ ጎጆ ልትወጣ መስሏት ነው። ጎጆ በምዕራብ ሸዋ፣ ጀልዱ ውስጥ ያለች ከተማ መሆኗን እስካስረዳት ጎረቤቱ ተሰብስቦ ነበር። ደስታዋ ተኖ «ታዲያ እዚያ ምን አለሽ?» አለችኝ። የታመመ ሰው እንዳለ ነገርኳት። እንዴት ቀሎኝ እንደተናገርኩት የገባኝ ዘግይቶ ነው።

እውነቱን ለመናገር የታመመ ሰው አጥቼ ነበር። አዲስ አበባ ያገኘኋቸው ሕመምተኞች መድኃኒት የጀመሩ ወይም ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ስለነበሩ ለጥናቴ አይሆኑኝም። በዚህ መሃል ሲስተር ኦብሴ ደወለችልኝ። ኦብሴ አምቦ የምትሠራ ነርስ ናት፤ የተዋወቅነው አዲስ አበባ ለሥልጠና መጥታ ሳለ ነው። በተወለደችባት በጎጆ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ገበሬ አሉ፤ አዲስ አበባ በኢንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባ ካሜራ፣ ታይተው የጨጓራ ካንሰር መሆኑ ተነገራቸው፤ በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ስለተገኘ ቀዶ ሕክምና አይሆንም ተብለው ቤታቸው ገብተዋል፤ ደም ለመስጠት ግን ፈቃደኛ ናቸው አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

ከአስኮ በሚኒባስ ተሳፈርኩ። መሣሪያው ከጫማ ካርቶን ብዙም አይበልጥም፤ ረዳቱ ግን ጣሪያ ላይ ካልጫንኩት ብሎ ተከራከረኝ። በመጨረሻ በነጠላዬ ጠቅልዬ ጉልበቴ ላይ ያዝኩት። ከሆለታ በኋላ የጤፍ ማሳው እስከ ሰማዩ ጫፍ ቢጫ ነው። እኛ ድሬ አረንጓዴ ስናይ ማንጎ ወይ ሸንኮራ ነው ብለን እንገምታለን፤ እዚህ አገሩ በሙሉ የሚበላ ነገር ለብሶ ነው የቆየኝ።

አዲስ ዓለም ስንገባ ጎማ ተነፈሰ። ሹፌሩ ክሪኩን ለሰው አውሶት ኖሮ ሌላ እስኪፈለግ ሁላችንም ወርደን መንገድ ዳር ቆምን። አንዲት ሻይ ቤት ያላት ሴት ከሰው ሁሉ መርጣ ወንበር አመጣችልኝና ጥላ ውስጥ አስቀመጠችኝ፤ ሻይም ቀዳችልኝ። ነጠላ ውስጥ የያዝኩት ሕፃን መስሏት ነው። ዕቃ መሆኑን ስታይ ከት ብላ ሳቀች፤ ወንበሩን ግን አልወሰደችም። የምን ዕቃ ነው ስትለኝ ስለ ጨጓራ የሚጠና መሆኑን ነገርኳት። ሳቋን ተወችና ጨጓራዋ ሌሊት ሌሊት እንደሚያቃጥላት፣ የቡና ሱሷን እንኳ እንደተወች አጫወተችኝና በመሣሪያው ላይላት እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። መሣሪያው በሽታ የሚለይ እንዳልሆነ፣ ገና በጥናት ላይ እንዳለ ማስረዳት ሲገባኝ፣ መብራት ካልተሰካ አይሠራም ብዬ አለፍኳት። እሷም አምናኝ፣ ሻዩንም በነፃ አድርጋ ሸኘችኝ። በመስኮት እጄን ሳወዛውዝላት ፊቴ ሲግል ተሰማኝ።

አምቦ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ኦብሴ መናኸሪያ ጠበቀችኝና በባጃጅ ወሰደችኝ። ባጃጅ ሳይ አገሬ የገባሁ መሰለኝ፤ የአምቦ ባጃጅ ግን እንደኛው አይሮጥም፣ ሹፌሩ ለሚያውቀው ሰው ሁሉ እየቆመ «አከም፣ ነጋ?» ይላል። አልጋ የያዘችልኝ ቤት ንጹሕ ነው። አስተናጋጇ ብርድ ልብስ ደርባ ስታመጣልኝ ድሬ ላይ አንሶላ እንኳ የምንገፍፍ መሆናችንን ነግሬ አሳቅኳት። እራት ኦብሴ ቤት በላሁ። ቤተሰቡ አንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይጨርሳል። እኔም የድሬ ኦሮምኛዬን አወጣሁ፤ አነጋገሬን ሰምተው እንደ ሬዲዮ ድራማ ሳቁበት። ኦብሴ ለእንግዳ ሁሉ «ዶክተር ራሔል» እያለች ታስተዋውቀኛለች። ሐኪም እንዳልሆንኩ፣ የፊዚክስ ዶክትሬቴንም ገና እንዳልጨረስኩ ደጋግሜ ነገርኳት። እሷ ግን «ግድ የለም፣ መሆንሽ አይቀርም» ብላ ቀጠለች።

ሁለተኛው ቀን፤ ጎጆ

ጠዋት ወደ ግንጪ ተመልሰን ከዚያ ወደ ሰሜን ታጠፍን። ከግንጪ ወደ ላይ ያለው መንገድ ድንጋይና ጉድጓድ ነው። የተሳፈርነው አይሱዙ ላይ ነበር፤ ጋቢናው ውስጥ ጭንቅላቴ ጣሪያውን እየመታ፣ ኦብሴ የክትባት ማቀዝቀዣ ሳጥኗን በሁለት እጇ አቅፋ። እየወጣን ስንሄድ ብርዱ እየጨመረ መጣ። ማሳው ወደ ገብስና ድንች ተለወጠ፣ በጎቹም ጠጉራቸው እስከ ጉልበታቸው የወረደ ሆነ። የድሬ በግ ይህን ጠጉር ቢለብስ በማግስቱ በሙቀት ይሞታል።

የኦቦ ገመቹ ቤት ከከተማዋ ትንሽ ወጣ ብሎ ድንች ማሳ ዳር ነው። ገና ግቢው ሳንደርስ በግ ታርዶልን ነበር። እሳቸው ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥተው ጋቢ ላይ ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል። ረጅም ሰው ናቸው፤ ጉንጫቸው ገብቷል፣ ድምፃቸው ግን እንዳለ ነው። ሊነሱ ሲሞክሩ ሮጠን ከለከልናቸው። ባለቤታቸው አዴ ሎሚ ከማሳ ስትመጣ እጇ ላይ ያለውን አፈር በቀሚሷ ጠርጋ ሳመችን። ላሊሴ የምትባል አስተማሪ ልጅ አለቻቸው፤ አባቷን ለማስታመም በየቀኑ ከትምህርት ቤት ቀጥታ እነሱ ቤት ነው የምትመጣው።

ምሳ ሲቀርብ ኦቦ ገመቹ የሚበሉት አጥሚት ብቻ ነበር፤ እሱንም በማንኪያ። ስጋው የቀረበው ለእኛ ነው። እሳቸው ፊት መብላቱ ከብዶኝ እንጀራውን ስቆራርስ አይተው «ብዪ እንጂ። እኔ የማልበላውን የሚበላልኝ ሰው ቤቴ ሲገባ ደስ ይለኛል» አሉኝ። በላሁ። ከዚያ ጭኮ መጣ፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ የተለወሰ። እሱንም በላሁ። አዴ ሎሚ ግን ከሁለቱም አልቀመሰችም። ቀደም ብላ እንደበላች ነገረችን፤ እኛም ተቀበልናት።

ደም ከመቅዳታችን በፊት ጥናቱን አስረዳኋቸው። የሚሰጡት ደም እሳቸውን እንደማያድን፣ ውጤቱም ለሕክምናቸው እንደማይሆን፣ እምቢ ማለት እንደሚችሉ በአማርኛ ነገርኳቸው፤ ኦብሴ ደግሞ በኦሮምኛ ደገመችው። ኦቦ ገመቹ ሰምተው ሲያበቁ ጠየቁኝ።

«ለእኔ ካልሆነ ለማን ነው?»

«ከእርስዎ በኋላ ለሚታመሙ ሰዎች ይጠቅም እንደሆነ ነው የምናየው።»

«እንዲያ ከሆነ ውሰጂ» ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ለማነጻጸሪያ ደግሞ አንድ ዓይነት ምግብ የሚበላ፣ በዕድሜ የሚቀርብ ጤነኛ ሰው ያስፈልገኛል። ይህን ስል አዴ ሎሚ ማንም ሳይጠይቃት ክንዷን ዘረጋች። ወፍራም የሥራ ክንድ ነው። ኦብሴ ቀዳችላት። ብልቃጧ ላይ «ጤነኛ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ደሙ ቶሎ በማሽን ተሽከርክሮ ቢጫው ውሃ ከቀዩ መለየት ነበረበት። ጤና ጣቢያው ማሽን አለው፤ የዚያን ዕለት ግን መብራት ጠፋ። እስኪመሽ ብንጠብቅም አልመጣም። ስለዚህ ደሙ ሳይለይ ማቀዝቀዣ ሳጥኑ ውስጥ አደረ። እኛም እነሱ ቤት አደርን። የባልና የሚስቱን አልጋ ለኔ ለቀቁልኝ፤ ብለምን፣ ብለምን አልሰሙኝም። የታመመው ሰውዬ መደብ ላይ ተኝተው እኔ አራት ብርድ ልብስ ስር ሆኜ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ደህና አድርጌም ተኛሁ።

ሦስተኛው ቀን፤ እንደገና አምቦ

ስንነሳ አዴ ሎሚ የተቀቀለ ድንች ከነትኩሱ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችን። ያው መንገድ ነው፤ ቁልቁለት ስለሆነ ግን ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱ ያንገጫግጫል። ወተት ብንይዝ ቅቤ ይወጣው ነበር። እኔ ድንቼን እየበላሁ ስለ ደሙ አላሰብኩም።

አምቦ ኦብሴ በምትሠራበት ክሊኒክ ደሙን ለየነውና አንድ ባዶ ክፍል ውስጥ መስኮቱን በጨርቅ ሸፍነን መሣሪያውን አቆምኩ። መጀመሪያ የኦቦ ገመቹን ብልቃጥ አስገባሁ። መስመሩ እየተሳለ መጣና በቀዩ በኩል ጉብታዋ ብቅ አለች። ደስ አለኝ፤ ኦብሴንም እጇን ይዤ ጎትቼ አሳየኋት። እሷ መስመሩን አይታ «ምስኪን» አለች። ያን ጊዜ ነው የሰው ሞት እያየሁ እንደምፈነጥዝ የታወቀኝ፤ እጇን ለቀቅኩ።

ቀጥሎ የአዴ ሎሚን አስገባሁ። ጉብታዋ እሷም ላይ አለች። እንዲያውም ከባሏ ትበልጣለች። ብልቃጡን አጽድቼ ደገምኩት፤ ያው ነው። የተሰማኝ ንዴት ነበር። ሥራዬን ያበላሸብኝ ሰው እንዳለ ሁሉ ተናደድኩ። አማካሪዬ ጋ ደውዬ ሁኔታውን ስነግራቸው ደሙ ሳይለይ በዚያ መንገድ ከመጣ ቀዩ ተሰባብሮ ቀለሙ ወደ ውሃው ገብቶ ሊሆን እንደሚችል፣ ናሙናው እንደተበላሸ ቆጥሬ እንድተወው ነገሩኝ። ልክ ነበሩ። ያለጥፋታቸው እንዳይወቀሱ ነው ይህን የምጽፈው።

ኦብሴ ስልኩን ሰምታለች። መሣሪያውን ስሰበስብ «እና አይነገራትም?» አለችኝ። የሚነገር ነገር እንደሌለ፣ መብራቱ ገና እንዳልተረጋገጠ አስረዳኋት። ገባት። ግን ትንሽ ቆይታ «ስጋ አልበላችም እኮ፤ ጭኮም አልበላች» አለች። ያን ጊዜ እኔም አዴ ሎሚ ጎንበስ ስትል ሆዷን በመዳፏ ትይዝ እንደነበር ትዝ አለኝ። ያየሁትን ነገር ነው፤ ግን ጤነኛ ብዬ ስለጻፍኩባት ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ኦብሴ ነገሩን ቀለል አድርጋ እንድንይዘው ፈለገች። ስለ መብራቱ ምንም ሳንል ሆዷን ያማት እንደሆነ ጠይቀን አምቦ ሆስፒታል እናሳያት፤ እዚያ ያዩዋትና ካስፈለገ እነሱ ይላኳት አለች። ትክክለኛው መንገድ ይህ ነበር። እኔ ግን አዲስ አበባ ካልሆነ ብዬ ተከራከርኩ፤ ጊዜ እንዳይባክን፣ የማውቀው ሐኪም አለ፣ ወዲያው በኢንዶስኮፒ ትታያለች አልኩ። ያልኩት ሁሉ ውሸት አይደለም። ከሥሩ ግን ሌላ ነገር ነበረ፤ ሆዷ ውስጥ ያለውን ማወቅ እፈልግ ነበር። መብራቴ ልክ ይሁን አይሁን ማወቅ የምችለው በኢንዶስኮፒ ብቻ ነው። ኦብሴ ስለኔ ጥሩ ጥሩውን የምታስብ ሰው ስለሆነች ተሸነፈችልኝ።

አራተኛው ቀን፤ ለሁለተኛ ጊዜ ጎጆ

አዴ ሎሚን ያገኘናት ማሳ ውስጥ ድንች ስትቆፍር ነው። ስታየን የረሳነው ዕቃ ያለ መስሏት ወደ ቤት ልትሮጥ አለች። ኦብሴ በኦሮምኛ ሆዷን ያማት እንደሆነ ጠየቀቻት። ዶማዋን መሬት ላይ አስደግፋ ወደ ቤቱ ዞራ አየች።

«ቀስ በይ፤ እሱ እንዳይሰማ» አለች።

ከዓመት በላይ አሟታል። ሌሊት ያቃጥላታል፣ አንዳንዴ ከሰገራዋ ጋር ጥቁር ነገር ይወጣል። ባሏ ሲታመም የራሷን ዋጥ አድርጋ ያዘችው፤ በአንድ ቤት ሁለት ሰው ከተኛ ማን ማንን ያነሳል ብላ። ይህን ስትነግረን ከገዛ ሆዷ ይልቅ በባሏ ጀርባ ማውራቷ ነበር ያሳፈራት።

እዚያ ላይ ብናቆም ይበቃ ነበር። እኔ ግን ስለ መብራቱ ነገርኳት። እርግጠኛ እንዳልሆንኩ፣ ስህተት ሊሆን እንደሚችል ሁሉ ጨምሬ ነገርኳት፤ ሰው ግን እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ከመሃሉ አንዷን ቃል ብቻ ነው የሚይዘው። «የሱ ነው የተጋባብኝ?» አለችኝ። እንደማይጋባ ነገርኳት። ካንሰር አለብሽ አላልኩም። የለብሽም ማለት ግን አልቻልኩም።

ወሬው ለኦቦ ገመቹ መድረሱ አልቀረም። እናቷ ስታለቅስ ያየች ላሊሴ ጠይቃ ሰማች፤ ከአባቷም ልትደብቅ አልቻለችም። ሰውየው እኔን አስጠሩኝና እውነት መሆኑን ጠየቁኝ፤ የማውቀውን ያህል ነገርኳቸው። ከዚያ ሚስታቸውን አጠገባቸው አስቀመጡ። አዴ ሎሚ እሳቸውን ትታ የትም እንደማትሄድ ተናገረች።

«እኔን የምታስታምም ልጅ አለችኝ» አሏት። «አንቺ ብትወድቂ ግን እኔ ላነሳሽ አልችልም። ሳትወድቂ ሂጂ።»

ላሊሴም ደግፋቸው፣ እሷ እንዳለችና እናቷ ሄዳ እንድትታይ ለመነች። አዴ ሎሚ በመጨረሻ እሺ አለች።

አምስተኛው ቀን፤ ወደ አዲስ አበባ

ኦቦ ገመቹ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው እስከ አጥሩ ወጡ። ሁለቱ አልተቃቀፉም። እሳቸው የነጠላዋን ጫፍ አስተካከሉላት፤ እሷ ደግሞ አጥሚቱን ቀጠን አድርገው እንዲያፈሉላቸው ለላሊሴ ነገረች። ለእኔ «ገለቶሚ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ፣ አመሰግናለሁ ማለት ነው። እጃቸውን ጨብጬ መኪናው ውስጥ ገባሁ።

በመንገድ አዴ ሎሚን አቅለሸለሻት። ግንጪ ላይ ወርዳ አረፍ አለች፤ አንድ የማናውቀው የእህል ነጋዴ ከፊት ያለውን መቀመጫውን ለቀቀላትና ራሱ ከኋላ ኬሻ ላይ ተቀመጠ። አዲስ አበባ የተከራየኋት ክፍል ጠባብ ናት። አልጋውን ልልቀቅላት ብል በፍጹም አለች፤ እንግዳ እሷ መሆኗን ባስታውሳትም አልሰማችኝም። በመጨረሻ ሁለታችንም ፍራሹን አውርደን ጎን ለጎን ተኛን። ጠዋት ስነቃ ወለሉን አጥባ፣ ሻይ አፍልታ፣ ጉልበቷን አቅፋ ቁጭ ብላለች። ከተማው ውስጥ ከብርዱም ከጩኸቱም ሳይሆን ሥራ ከማጣቷ ነው የምትሰቃየው።

ኢንዶስኮፒው ሲደረግላት ውጭ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ሐኪሙ ጨጓራዋ ውስጥ ቁስል እንዳለ፣ ከቁስሉ ቁራጭ ወስዶ ለምርመራ እንደላከ ነገረኝ፤ ውጤቱ ቀናት ይወስዳል። ቁስል መኖሩን ስሰማ ልቤ እንዴት እንደዘለለ አልደብቃችሁም። ወደ ክፍሏ ስገባ ፊቴን ለማስተካከል በሩ ላይ ቆም ማለት ነበረብኝ።

ውጤቱን ስንጠብቅ በየቀኑ ወደ ጎጆ ይደወላል። ላሊሴ ደህና ናቸው ትላለች፤ እሳቸውም ስልኩን ተቀብለው ስለ ድንቹ ይነጋገራሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን የተደወለው ለእኔ ነው። ላሊሴ ናት። አባቷ ምሳ ሰዓት ላይ አርፈዋል። ለእናቷ እንዳልነግራት፣ ዘመዶች እየመጡ እንደሆነ ነገረችኝ። አዴ ሎሚ ልብሴን እያጠበች ነበር። ቀና ብላ ፊቴን አየችና ልብሱን ከውሃው ሳታወጣ እጇን አደራረቀች፤ «ነጠላዬን አቀብዪኝ» አለችኝ። ዘመዶቿ መኪና ይዘው ሲመጡ በሩ ላይ ቆማ ነው ያገኟት።

እኔ ውጤቱን ለመቀበል ቀረሁ። በማግስቱ ሐኪሙ ጠራኝ። ካንሰር አይደለም። በባክቴሪያ የመጣ የጨጓራ ቁስል ነው፤ በቀስታ ይደማል፣ ደም ማነሷም ከዚያ ነው፤ በክኒን ይድናል። ጉብታዋ ከደም ማነሱ ይሁን ከጎጆ መንገድ መናጥ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሐኪሙ ወረቀቱን እየሰጠኝ ይህን አምቦም ያክሙት እንደነበር፣ ለምን ይህን ሁሉ መንገድ እንዳመጣኋት ጠየቀኝ። ጥያቄው ክፋት አልነበረበትም። የሰጠሁት መልስ ግን እኔንም አላሳመነኝም።

የመጨረሻው ቀን፤ ለሦስተኛ ጊዜ ጎጆ

መድኃኒቱን ይዤ ብቻዬን ወጣሁ። አዲስ ዓለም ላይ ያቺ ሻይ ቤት ያላት ሴት ቆማ አየኋት፤ ሚኒባሱ አልቆመም፣ እኔም እንዲቆም አልጠየቅኩም። አይሱዙው ላይ ጎጆ እስክደርስ የምናገረውን ስለማመድ ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሞልቷል። ኦብሴ ከሩቅ አየችኝና መጣች። እኛ ድሬ ለቅሶ ቤት የገባ እንግዳ ቦታ ፈልጎ ይቀመጣል። እዚህ ግን ስገባ ሽማግሌዎች ከወንበራቸው ተነሱልኝ። የአዴ ሎሚን ነፍስ ያተረፈች ልጅ ናት ተብሎ ተነግሮ ነበር። መሃል ላይ፣ ከሟቹ ወንድሞች አጠገብ አስቀመጡኝ። ምግብ መጣልኝ፤ ሳልነካው አስቀመጥኩት።

አዴ ሎሚን ወደ ቤቱ ጀርባ ወሰድኳትና ሁሉንም ነገርኳት። ካንሰር እንዳልሆነ፣ ክኒኑን ውጣ እንደምትድን። መብራቱ እንደተሳሳተ። አምቦ ላይ መታከም ትችል እንደነበር፣ አዲስ አበባ ካልሆነ ያልኩት ደግሞ ግማሹ ለራሴ ሥራ ስል እንደሆነ። በሷ ቦታ ብሆን እንደማልምር እያወቅኩ ይቅር እንድትለኝ ለመንኳት።

ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። የመድኃኒቱን ከረጢት ተቀብላ መቀነቷ ውስጥ ከተተችና ከድንኳኑ የሚመጣውን ድምፅ አዳመጠች።

«ላሊሴ እህል አልቀምስ ብላለች» አለችኝ። «‹እናቴን ከአባቴ የለየኋት እኔ ነኝ› ትላለች። እኔም ‹ባልሄድ እሞት ነበር፣ መሄዴ አተረፈኝ› ብዬ ነው ትናንት ያስቀመስኳት።»

«እውነቱ ግን እንዲያ አይደለም» አልኳት።

«ቁስሉ አልነበረም እንዴ? ነበረ። ይበቃል። ሌላውን ለሷ አትንገሪያት።»

«ሰዎቹ ግን እኔን እያመሰገኑኝ ነው።»

«እና ያመስግኑሽ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣም ይቅርታም አልሰማሁበትም፤ የደከመው ሰው ሥራ ሲያካፍል የሚናገርበት ድምፅ ነው። «ለእኔ ስትዪ ቁጭ በይና ተቀበዪው።»

ይህን የምጽፈው የሰዎቹን ስም ለውጬ ነው፤ ከእናንተ መካከልም ላሊሴን የሚያገኛት የለም። የአዴ ሎሚን መስመር ከጥናቴ አላወጣሁትም፤ ካንሰር የሌለባት ሴት፣ ጉብታዋ ግን ያለባት፣ ተብሎ እዚያው አለ። ሥራዬ በዚህ አላማረም፤ አማካሪዬም ኋላ ተስማሙበት። ደም ሳይለይ መንገድ የማውጣት ነገርም ቀርቷል።

ወደ ድንኳኑ ተመለስን። ላሊሴ ዓይኗ አብጧል፤ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና እናቴን አተረፍሽልኝ አለችኝ። ፀጉሯን ዳበስኩላት። ምግቡ እንደገና ቀረበ፤ አዴ ሎሚ ከሩቅ እያየችኝ ስለነበር በላሁ። ከዚያ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ለጸሎት ቆሙ፤ ሰዉም ሁሉ ቆመ። ሽማግሌው በኦሮምኛ ስለ ኦቦ ገመቹ ከጸለዩ በኋላ እኔ እንዲገባኝ ብለው ወደ አማርኛ ዞሩ። ጌታ ሆይ፣ በዚህች ቤት ሁለት ሐዘን እንዳይሆን ይህችን ልጅ ከሩቅ አገር በብርሃን ስለላክህልን እናመሰግንሃለን አሉ። ኦብሴ አጠገቤ ነበረች፤ አንገቷን ደፋች። አዴ ሎሚ ዓይኗን ጨፍናለች። ሰዉ በአንድ ድምፅ አሜን አለ። እኔም ድምፄ እንዲሰማ አድርጌ አሜን አልኩ።